ጥላሸትም ምስክር ነው

ቀለም የሚለው ቃል በቋንቋችን ሁለት ቤት አለው። አንዱ በገበያ ተሸጦ በርና ግድግዳ የሚቀባው ነው፤ ሁለተኛው በትምህርት ቤት የሚቆጠረው ነው። ነገር ግን ቀለም የቆጠረ ሰው ቀለም ሲበጠብጥ መታየትን ብዙ ጊዜ አይወድም። እኛም ከዩኒቨርሲቲ ወጥተን ወንበርና ጠረጴዛ ከተሰጠን ወዲህ፥ እጃችን ከብዕር በቀር ሌላ ነገር ለመንካት የተፈጠረ አይመስለንም ነበር። ከዚህ አሳባችን የመለሰን መጽሐፍ አይደለም፤ ከመዳፍ ብዙም የማይበልጥ አንድ የፉርጎ ሞዴልና አንድ ቁንጣሪ የቀለም ዱቄት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባችን ድሬዳዋ ተወልዶ ያደገ ነው፤ አባቱም በምድር ባቡሩ የጥገና ክፍል ብዙ ዘመን ሠርተው በጡረታ የተገለሉ ናቸው። ይህ ወዳጃችን ሌላው ከሥራ በኋላ ቡና ቤት ሲሄድ፥ እርሱ ከቤቱ ተቀምጦ ከካርቶንና ከቀጭን እንጨት ፉርጎ ይሠራል። መጠኑ 1 ለ87 ነው፤ ይኸውም በእውነተኛው ሐዲድ ላይ 10 ሜትር የሚሆነው ፉርጎ በእርሱ ጠረጴዛ ላይ 11 ሴንቲ ሜትር ተኩል ይሆናል ማለት ነው። መጀመሪያ የልጅ ጨዋታ ነው ብለን ሳቅንበት፤ በኋላ ግን እኛም ገብተንበት መቀባት ጀመርን። የመጀመሪያው ፉርጎ በተፈጸመ ጊዜ እንደ አዲስ ጫማ ያበራ ነበርና፥ በኩራት ይዘነው ወደ አባቱ ሄድን።

«አባባ፥ እንዴት ነው?» አላቸው ልጃቸው።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው ገለባብጠው አዩትና፥ «መልካም ነው ልጄ፤ ነገር ግን ይህ ገና ሥራ ያልጀመረ ፉርጎ ነው» አሉ።

ቅር ብሎን ተመለስን። ጥቁርና ቡናማ የቀለም ዱቄት ገዝተን፥ ጣሪያውንም ጎኑንም መንኰራኵሩንም ሳንለይ ዙሪያውን ነሰነስንበት። በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ ወሰድንላቸው። አሁንስ ከልባቸው ሳቁ። «ይህ ደግሞ ከቃጠሎ የተረፈ ነው፤ ልጆቼ፥ አቧራና ጥላሸት የትም አይቀመጥም እኮ! ቦታ አለው» አሉን።

ከዚያም ጣታቸውን እያሳዩ ያስተምሩን ጀመር። የፍሬኑ ብረት ከመንኰራኵሩ ጋር ሲፋተግ የሚወጣው ብናኝ ወደ ዝገት ስለሚለወጥ፥ ፉርጎው ከወገቡ በታች ወደ ቡናማ ያደላል። ጣሪያው ፀሐይ ስለሚበላው ይገረጣል። ዝገት የሚጀምረው ውሃ በሚጠራቀምበት፥ በብሎንና በማዕዘን ሥር ነው፤ ከዚያም ዝናቡ እየጎተተ ወደ ታች ያወርደዋል። በነዳጅ ፉርጎ ላይ ሲሞላ የፈሰሰው ከአፉ ጀምሮ በሆዱ ላይ ጥቁር መሥመር ይሠራል። የናፍታ ሎኮሞቲቭ ጥላሸቱ ከጭስ መውጫው ዙሪያ እንጂ በመስኮቱ ላይ አይደለም። በመጨረሻም ሠራተኛው ሲወጣና ሲወርድ ወደሚይዘው የብረት እጀታ አመለከቱን፤ እርሱን እኛ በጥቁር ዱቄት ሸፍነነው ነበር። «ይህን አጽዱልኝ፤ እጅ ዘወትር የሚይዘው ብረት አቧራ አይቀመጥበትም፤ ያበራል» አሉ። ጥቂት ዝም ብለውም፥ «የእኔ እጅ እኮ ነው» አሉን።

እንግዲህ በዚያች ፉርጎ ላይ አቧራው የባቡሩን ሥራ፥ የጠራው ቦታ ደግሞ የሰውየውን ሥራ የሚመሰክር መኾኑን ያን ጊዜ ተረዳን።

ይህን ትምህርት ይዘን ሞዴል ባቡር ልማዱ በኾነበት አገር ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ብናነብ፥ የሽማግሌውን ቃል የሚያጸና ነገር አገኘን። በአሜሪካ፥ በካሊፎርንያ ግዛት፥ በሞንቴሬይ ከተማ ይኖር የነበረው ጆን አለን ሥራው ፎቶግራፍ ማንሣት ነበር። በቤቱ ውስጥ በ1 ለ87 መጠን ተራራና ገደል፥ ድልድይና ጣቢያ ያለበት የባቡር መንገድ ሠራ፤ ባቡሮቹንም ቤቶቹንም እንዳረጁ አድርጎ በመቀባቱ ስሙ በዚያ ሙያ ሰዎች ዘንድ ታወቀ። የብርሃንንና የጥላን ነገር በሥራው ያወቀው ሰው፥ አዲስ ቀለም በትንሽ ነገር ላይ መጫወቻ እንደሚያስመስለው ፈጥኖ ተረድቶ ነበር። ጆን አለን እ.ኤ.አ. በ1973 ዓ.ም. በጥር ወር ሞተ፤ ከሞተም በኋላ ብዙ ቀን ሳይቆይ ቤቱ በእሳት ተያይዞ ያ ሁሉ ሥራ ጠፋ። ዛሬ የሚታወቀው እርሱ ራሱ ባነሣቸው ፎቶግራፎችና ስለ እርሱ በተጻፈው ነው።

በእንግሊዝ አገር ደግሞ ሮይ ኢንግላንድ የተባለ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1925 ዓ.ም. ከአውስትራልያ መጥቶ በገጠሩ ሲዘዋወር፥ የሣር ክዳን ያላቸው የጥንት ቤቶች አንድ በአንድ ሲፈርሱና ሲለወጡ አየ። ማልቀስ ብቻ አልበቃውም፤ እየለካ፥ ቀለማቸውን እየመዘገበ፥ በ1 ለ76 መጠን ይሠራቸው ጀመር። ከዚህ አሳብ እ.ኤ.አ. በ1954 ዓ.ም. የተጀመረው የፔንደን ሙዚየም እስከ ዛሬ በሎንግ ዊተናም መንደር ይታያል። በዚያ ያለው ቤትና ባቡር ለልጅ ማጫወቻ የተሠራ አይደለም፤ የጠፋ አገር መዝገብ ነው።

አሁን ወደ ዱቄቱ እንመለስ። ይህ ዱቄት ርካሽና ቀላል ሲኾን ከሌላው ቀለም የሚበልጥበት ምክንያት አለው። በ1 ለ87 መጠን አንድ ሚሊ ሜትር የወፈረ የቀለም ንብር በእውነተኛው ባቡር ላይ ወደ 9 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል፤ እንዲህ ያለ ቆሻሻ የተሸከመ ባቡር ማን አይቶ ያውቃል? ዱቄት ግን እንደ አቧራው ሁሉ ስስ ነው። ከዚህም የሚደንቀው የዱቄቱ ባሕርይ ነው። ቀዩና ቢጫው የአፈር ቀለም ከብረት የተገኘ ነው፤ ቢጫው አፈር በእሳት ሲጠበስ በውስጡ ያለው ውሃ ይለቀውና ወደ ቀይ ይለወጣል። የዝገት ቀለምም ከብረትና ከአየር ከሚወለደው ከዚሁ ወገን ነው። የጥቁሩ ዱቄት አንዱ ዐይነትም ከሚነድ ዘይት የተሰበሰበ ጥላሸት ነው። ስለዚህ ዝገትን በዝገት፥ ጥላሸትንም በጥላሸት መሣል ይቻላል ማለት ነው።

አሠራሩ ብዙ ምሥጢር የለበትም። የሚያብረቀርቅ ቀለም ዱቄት አይዝም፤ ስለዚህ ፉርጎው አስቀድሞ በማያብረቀርቅ ቀለም ወይም ቨርኒሽ መቀባት አለበት። ከደረቀ በኋላ በለስላሳና በደረቅ ብሩሽ ጥቂት ዱቄት ወስዶ፥ ዝናብ እንደሚወርድ ከላይ ወደ ታች መሳብ ነው። ዱቄት ያላገኘ ሰው የሥዕል ጠመኔ በብርጭቆ ወረቀት ላይ ቢፍቅ ይበቃዋል። ሥራው ሲያልቅ ዱቄቱ በእጅ እንዳይነሣ ቨርኒሽ ከሩቅ በስሱ ይነፋበታል። ነገር ግን ቨርኒሹ ቀለሙን፥ ይልቁንም ነጣ ያለውን፥ ስለሚውጠው አስቀድሞ በቁራጭ ካርቶን ላይ መሞከር ብልኅነት ነው። እኛ ይህን ሳናውቅ የአንድ ማታ ድካማችን በዐይናችን ፊት ሲጠፋ አይተናል።

ለምድሩም ቢኾን እንዲሁ ነው። ሞዴል ሬይልሮደር የተባለው የአሜሪካ መጽሔት አዘጋጅ የነበረው ሊን ዌስትኮት ያስተማረው ዘዴ፥ ደረቅ ጄሶና የቀለም ዱቄት ደባልቆ በውሃ በረጠበው ኮረብታ ላይ በወንፊት መንፋት ነው፤ ጄሶው ውሃውን ጠጥቶ ይይዛል፥ አፈሩም አፈር ይመስላል። እውነተኛ አፈር መጠቀም የሚወድ ደግሞ አድርቆ ከነፋው በኋላ ማግኔት ያሳልፍበት፤ የብረት ቅንጣት ካለበት ወደ ትንሹ ሞተር ገብቶ ያበላሸዋልና።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ቀለም ሁሉ የዋህ አፈር አይደለም፤ እርሳስ ወይም ካድሚየም ያለባቸው ዱቄቶች አሉ፤ አንዳንዱ ቡናማም ማንጋኒዝ አለበት። ስለዚህ በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ማንበብ፥ አፍና አፍንጫን መሸፈን፥ ጠረጴዛውን በመጥረግ ፈንታ በእርጥብ ጨርቅ መወልወል፥ ከምግብና ከሕፃናትም ማራቅ ይገባል።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ አንባቢ፥ «ይህ ለእኔ ለተማሪው፥ ለእኔ ለወጣቱ ሹም ምኔ ነው? አገሩ ስንት ሥራ ሲጠብቀው ስለ ትንሽ ባቡር አቧራ ይወራል?» ቢለን አንቀየመውም። የእኛ መልስ ይህ ነው፤ በፉርጎው ላይ የሠራናቸውን ሁለቱን ስሕተቶች በየቀኑ በወረቀት ላይ እንሠራቸዋለን።

አንደኛው ስሕተት የሚያብረቀርቀው ፉርጎ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ የዕቃ ግምጃ ቤት ተመልክተን ሪፖርት እንድናቀርብ ታዘዝን። በር ላይ ቆመን አየነውና «ሁሉም በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኛል» ብለን ጻፍን። ጣሪያው የሚያፈስበትን ቦታ የግምጃ ቤቱ ዘበኛ ያውቀው ነበር፤ እኛ ግን አልጠየቅነውም። ክረምቱ ሲገባ ዝናቡ እኛ ያልጻፍነውን ጻፈው፤ ብዙ ዕቃም ተበላሸ። ያ ሪፖርት ገና ሥራ ያልጀመረ ፉርጎ ነበር።

ሁለተኛው ስሕተት ዙሪያውን ጥቁር የተነሰነሰበት ፉርጎ ነው። ይህ ደግሞ በተማሪ ቤትም በቡና ቤትም የምንወደው ነው፤ «ሁሉ ነገር ተበላሽቷል፥ የሚሠራ ሰው የለም» እንላለን። እንዲህ ያለው ወቀሳ ድፍረት ይመስላል፤ ነገር ግን ከውዳሴው አይሻልም። ምክንያቱም ሁለቱም ሳያዩ የተቀቡ ናቸው። አንዱ ጥላሸቱን ይደብቃል፥ ሌላው በሰው እጅ የጠራውን እጀታ ይሸፍናል። አይቶ የሚናገር ሰው ግን ውሃው የት እንደ ተጠራቀመ፥ ዝገቱ ከየት ብሎን እንደ ጀመረ፥ ማን በየቀኑ ይዞት ያበራው ብረት የት እንዳለ ለይቶ ያመለክታል።

ከዚህ ሌላ የሚቸኩል ጉዳይ አለ። ከጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ1897 ዓ.ም. የተጀመረው የባቡር መንገድ በ1902 ድሬዳዋ፥ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር፥ የሐዲዱም ስፋት አንድ ሜትር ነበር። ድሬዳዋ ራስዋ ከዚህ መንገድ ጋር የተወለደች ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር ተመረቀ፤ ይህም መልካም ነው፥ ለአሮጌው እየተባለ አዲሱ አይነቀፍም። ነገር ግን ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ በአሮጌው ሐዲድ የሚሄድ ባቡር ዛሬ የለም፤ በድሬዳዋ የቆሙት አሮጌ ሎኮሞቲቮችና ፉርጎዎችም ዝገት እየበላቸው ነው። ይህ ዝገት ደግሞ የሥራ ዝገት አይደለም፤ የመቆም ዝገት ነው። የሥራውን እድፍ ከመቆሙ እድፍ ለይተው ሊያሳዩ የሚችሉት ሠራተኞቹ ብቻ ናቸው፤ እነርሱም እያረጁ ነው።

ስለዚህ ለወጣቱ ሁሉ፥ ይልቁንም በድሬዳዋ ለሚማረው፥ የምናቀርበው አሳብ ከባድ አይደለም። አስፈቅዶ፥ ሜትርና ደብተር ይዞ፥ አንድ ፉርጎ ይለካ። ከዚያም በጎረቤቱ ያለውን የቀድሞ የምድር ባቡር ሠራተኛ «አባባ፥ ይህ ጥቁር ነገር ከምን መጣ?» ብሎ ይጠይቅ፤ የሚሉትንም ይጻፍ። ካርቶንና አንድ ማንኪያ የቀለም ዱቄት ከአንድ ቀን የሻይ ወጪ ብዙ አያልፍም። ሮይ ኢንግላንድ ሲጀምር ሙዚየም አልነበረውም፤ የነበረው መለኪያና ትዕግሥት ነው።

እኛም ፉርጎውን ለሦስተኛ ጊዜ ቀባነው። ጣሪያውን አገረጣነው፥ ከወገቡ በታች ቡናማ አደረግነው፥ እጀታውን ግን በጨርቅ ወልውለን አጠራነው። ሽማግሌው ተቀብለውን ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩትና፥ «አሁን ጭነቱን ልንገራችሁ» ብለው ታሪክ ጀመሩልን። እስከ ማታ አልጨረሱም፤ የሚቀጥለውን እሑድ ቀጥረናል። በዚህ ጊዜ ደብተር ይዘን እንሄዳለን።