ፍሬን ሲረገጥ የማይለቅ ነገር አናስገጥምም

ሰሞኑን ቤታችን በአንድ ፒካፕ ምክንያት ለሁለት ተከፍሏል። ፒካፑ የአባባ ነው፤ በዕድሜ ይበልጠናል። ሲገዛ ባለ ቤንዚን ነበር። ቤንዚኑ ኪስ ሲያራቁት ሞተሩ ወርዶ ከሶማሌ ተራ የተገዛ የናፍጣ ሞተር ገባለት፤ ሊብሬው ላይም የሞተር ቁጥሩ ተቀየረ። ከዚያ ወዲህ አዳማ ሲመላለስ ይኸው ስንት ዓመቱ። (ሞተሩ ከየትኛው መኪና እንደወጣ የሚያውቅ አንድም ሰው የለም። ድምፁን ሰምቶ የሚገምት ግን ሰፈሩ ሙሉ ነው።)

ችግሩ የአባባ ጉልበት ነው። 85 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆነው የአዳማ ፍጥነት መንገድ ላይ ቀኝ እግራቸው ነዳጅ መስጫው ላይ እንደተወጠረ ይሄዳሉ፤ ማታ ቤት ሲገቡ ደረጃ መውጣት ያቅታቸዋል። «ክሩዝ ኮንትሮል ይገጠምለት» ያልነው እኛ ነን። ቅንጦት ነው የሚለን አልጠፋም። በነገራችን ላይ ነገሩን የፈለሰፈው ራልፍ ቲተር የተባለ፣ በአምስት ዓመቱ ዓይነ ስውር የሆነ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። ጠበቃው ወሬና መሪ ባንድ ላይ ይዞ መኪናውን ፈጠን ቀስ ሲያደርግበት ተማርሮ ነው ይባላል። ክራይስለር እ.ኤ.አ. በ1958 መኪኖቹ ላይ ገጠመው።

መካኒኩ ግን ሳቀብን። «ጋሼ፣ ይሄ አሮጌ ናፍጣ ነው፤ ኮምፒውተር የለው ምን የለው! ይልቅ የእጅ ነዳጅ መስጫ ልሥራልዎት፤ ሁለት ሰዓት አይፈጅም» አለ። ከዳሽቦርዱ ሥር ወጣ የሚል እጀታ ነው። ሲሳብ በኬብል የናፍጣ ፓምፑን ክንድ ጎትቶ ባለበት ያቆየዋል። አንዳንድ አሮጌ ላንድክሩዘሮች ከፋብሪካ ይዘውት ይመጡ ነበር፤ ሞተር ለማሞቅ ወይም መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ እንዲያገለግል። ርካሽ ነው። ወንድማችን ወዲያው ተስማማ። እኛ አልተስማማንም።

እጀታው መኪናው በስንት እንደሚሄድ አያውቅም። ዳገት ላይ መኪናው ይዳከማል፣ ቁልቁለት ላይ ይጋልባል፤ እሱ ግን የተሰጠውን ይዞ ቁጭ ነው። ይህስ ይሁን። ከፊት ያለው መኪና ድንገት ሲቆም አባባ ፍሬን ይረግጣሉ፤ ሞተሩ ግን አሁንም ወደፊት እየገፋ ነው። በዚያች ቅጽበት «እጀታውን መልስ» ብሎ ማሰብ የሚችል ሹፌር ካለ ያስተዋውቁን። አባባ 71 ዓመታቸው ነው።

ደግሞ «ኮምፒውተር ስለሌለው አይሆንም» የሚለው ውሸት ነው። ለአሮጌ መኪና የሚሸጥ፣ ለብቻው የሚገጠም ኪት አለ። ኬብሉን የሚስብ ትንሽ ሞተር፣ መቆጣጠሪያ ሣጥንና ቁልፎች ናቸው። ፍጥነቱን የሚያውቀው ከካምቢዮው ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ ላይ ከሚታሰር ማግኔት ነው፤ ስለዚህ ከሞተር ቅያሪው ወዲህ ልቡ የሸፈተው የፍጥነት ቆጣሪያችን አያስፈልገውም። በአየር የሚስበው የድሮው ዓይነት ግን ለእኛ አይሆንም። የቤንዚን ሞተር አየር ሲስብ የሚፈጥረውን ባዶነት ይጠቀማል፤ ናፍጣ ያ የለውም። በእኛ ፒካፕ ያለው ከዲናሞው ጀርባ የተገጠመችው ፓምፕ የምትሰጠው ብቻ ነው፤ እሱም ፍሬኑን የሚያግዘው ነው። ከእሱ ላይ ቱቦ ቀጥሉ የሚል ሰው ከመጣ በሩን እናሳየዋለን።

ከሁሉ በላይ የወደድነው ግን ለመልቀቅ ያለውን ጥድፊያ ነው። ፍሬን ስትነኩ ይለቃል። ፍሪሲዮን ስትረግጡም ይለቃል፤ መቁረጫው ከተረሳ ማርሽ ስትቀይሩ ሞተሩ ያለ ጭነት ይጮሃል፣ ናፍጣ ሲጮህ ደግሞ ዋጋው ውድ ነው። አንዳንዱ ኪትማ የፍሬን መብራት አምፖሎች ከተቃጠሉ ጭራሹን ሥራ አይጀምርም። አምፖሎቹን በኤል ኢ ዲ የቀየረ ሰው ተጨማሪ ሬሌ ካላስገባ ስለሚያስቸግረው «ኪቱ ብልሽት ነው» ይላል።

ይህን ያነበብን ቀን ወደ ግቢ ወጣን። አንዳችን ፍሬን ረገጠ፣ አንዳችን ከኋላ ቆመ። በግራ ምንም፤ በቀኝ ምንም። ሁለቱም ተቃጥለዋል። ከመቼ ጀምሮ? አባባም አያውቁም። ስንት ሲኖትራክ ከኋላቸው እንደተከተላቸው ግን መገመት ይቻላል።

ወንድማችን አንድ ቁም ነገር አለው፤ «የኪቱና የመግጠሚያው ዋጋ ሁለት ጎማ ይገዛል» ይላል። ጎማዎቹንም አይተናቸዋል፤ እውነቱን ነው። እና ገንዘባችን ለአንዱ ብቻ ከበቃ ጎማ ይገዛ፣ አባባም ሞጆ ላይ ወጥተው እግራቸውን ያፍታቱ። ይህንን ያለ ክርክር እንፈርማለን። የእጅ ነዳጅ መስጫው ግን በነጻም ቢሆን አይገጠምም። ደግሞ ኪቱ ሲገባም ዝናብ ላይ አይከፈትም፤ ቁልቁለት ላይም ነዳጅ ይቀንሳል እንጂ ፍሬን አይዝም፤ ይህን ለአባባ ሦስት ጊዜ ነግረናቸዋል።

«እኔ እኮ አርባ ዓመት ነድቻለሁ» አሉን በሦስተኛው።

አምፖሎቹ ያን ቀን ማታውን ተቀየሩ። ስለ ኪቱ ዋሽንግተን ያለችው አክስታችን ዋጋ ጠይቃ እንድትነግረን ልከንባታል፤ ወንድማችን ደግሞ ጎማ ተራ ወርዷል።