ሕመምተኛን ማስቀመጥ ፍቅር አይደለም

ወጣቶች ሆይ፥ ሠላሳ ስድስት ዓመት በጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ ሳስተምር እጄ አንድ ቀን እንኳ አልተንቀጠቀጠም ነበር። ዛሬ የቡና ሲኒ የምይዘው በሁለት እጄ ነው። ሕመሜ ፓርኪንሰን ይባላል፤ ስሙም የተወሰደው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1817 ስለ ሕመሙ ከጻፈው ከእንግሊዛዊው ሐኪም ከጄምስ ፓርኪንሰን ነው። በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን፥ እንቅስቃሴን የሚያቃናውን ቅመም የሚሠሩት ሕዋሳት ቀስ በቀስ ይሞታሉ። እርግማን አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም።

ባለፈው ዓመት በአዲስ አበባው ታላቁ ሩጫ ዐሥሩን ኪሎ ሜትር ለመሄድ ተመዝግቤ ቤቴ ብገባ፥ ልጆቼ ተሰብስበው «አባባ፥ ምን ጎደለዎት? አርፈው ይቀመጡ እንጂ፤ ሰው ምን ይላል?» አሉኝ። የተጨነቁት ለጉልበቴ ቢሆን ኖሮ «ሐኪሙ ምን አለ?» ብለው በጠየቁ ነበር። የፈሩት ግን የሰው አፍ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ በሽተኛውን የደበቀስ ምን ሊባል ነው?

ሐኪሙማ መድኃኒቴን በሰዓቱ እንድወስድና ብቻዬን እንዳልወጣ አስጠንቅቆ ፈቅዶልኛል። በ2018 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ሕመሙ ገና የጀመራቸውን 128 ሰዎች ለስድስት ወር ተከታትሎ ነበር። ልባቸው በብርቱ እስኪመታ በመሮጫ መሣሪያ ላይ የሠሩት ሕመማቸው እምብዛም አልጨመረም፤ እንደ ወትሮው የኖሩት ግን ባሰባቸው። ሩጫ ያድናል አልልም፤ የሞተ ሕዋስ አይነሣም። ነገር ግን መቀመጥም መድኃኒት አይደለም።

«ቢወድቁስ?» ትሉኛላችሁ። እወድቃለሁ! እስከ ዛሬ የወደቅሁት ግን በአልጋዬና በበሬ መካከል እንጂ በአስፋልት ላይ አይደለም።

እንግሊዛዊውን የራግቢ ተጫዋች ሮብ በሮውን ተመልከቱ። ጡንቻን የሚያዝዙትን ነርቮች የሚገድል፥ ከእኔ ሕመም እጅግ የከፋ ሕመም ያዘው። በ2023 በሊድስ ከተማ ማራቶን ጓደኛው ኬቪን ሲንፊልድ 42 ኪሎ ሜትር በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋ ወሰደው፤ ከመጨረሻው መስመር ሲደርሱም ዐቅፎ አሻገረው። በሮው በ2024 ዐረፈ። ሩጫው ዕድሜ አልጨመረለት ይሆናል፤ በሕይወት ሳለ ግን ጓደኛው እንደ ሞተ አልቈጠረውም።

በቤቴ ይህን የተረዳችው የልጅ ልጄ ብቻ ነበረች። «አባባ፥ በስንት ሰዓት እንነሣ?» አለችኝ። በመንገድም እግሬ ከመሬት ተጣብቆ እንቢ ሲል፥ «ግራ፥ ቀኝ» እያለች ትቈጥርልኝ ነበር፤ እግሬም የእርስዋን ቍጥር ሰምቶ ይነሣል። ሕፃናት ሳይቀሩ ቀደሙን፤ እኛም ጨረስን።

ስለዚህ በቤታችሁ ሕመምተኛ ያላችሁ ሁሉ፥ በእርሱ ፈንታ አትወስኑ። ሐኪሙን ጠይቁ፤ ራሱንም ጠይቁት። እሄዳለሁ ካለም ወንበር አታቅርቡለት፤ ጫማችሁን አድርጉና አብራችሁት ውጡ።