ከማይክሮፎኑ በፊት ክፍሉ

በየካ አባዶ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ውስጥ በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ ድምፁን ለመቅዳት የሚመኝ አንድ ወጣት አይጠፋም። አንዱ ክራር ይደረድራል፤ ሁለተኛው የጻፈውን ግጥም በገዛ ድምፁ ማሰማት ይሻል፤ ሦስተኛው ከቢሮ ሲመለስ መጽሐፍ እየተረከ ደመወዙን በጥቂቱ ለመደጎም ያስባል። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው። «በትንሽ ገንዘብ የትኛውን ማይክሮፎን ልግዛ?» ይላሉ። የእኔ መልስ ግን ብዙዎችን ቅር ያሰኛል፤ ይኸውም ማይክሮፎኑን ለጊዜው ተዉት፣ መጀመሪያ ክፍላችሁን ተመልከቱ የሚል ነው።

ይህን ምክር ያገኘሁት ከራሴ ስሕተት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የዕቁብ ዕጣ ሲደርሰኝ ገንዘቡን ሳላድር አንድ ውድ ኮንደንሰር ማይክሮፎን ገዛሁበት። በዚያው ወር አያቴ ለሕክምና ከመንዝ መጥተው እኔ ዘንድ ሰንብተው ነበር። ሁለት ማታ ሙሉ ስለ ልጅነታቸው፣ ስለ ሠርጋቸውና ስላለፉት ክፉ ቀናት አወጉኝ፤ እኔም ቀዳሁ። ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ባዶ፣ መስኮቱም መጋረጃ አልነበረውም። በኋላ ሳዳምጠው የአያቴ ድምፅ ከጉድጓድ ውስጥ የሚወጣ መሰለኝ። የጎረቤት ሙቀጫ፣ የውሻ ጩኸትና የቴሌቪዥን ዜና ግን ጥርት ብለው ይሰማሉ። «ሌላ ጊዜ ሲመጡ አስተካክዬ እቀዳለሁ» ብዬ ተጽናናሁ። እሳቸው ግን ወደ አገራቸው ተመልሰው በዓመቱ ዐረፉ። ማይክሮፎኑ ዛሬም ምንም ሳይሆን በሳጥኑ ውስጥ አለ።

እንግዲህ ድምፅ ቀጂ ሁለት ጠላቶች እንዳሉት አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል። አንደኛው ከውጭ የሚገባው ጫጫታ ነው። ሁለተኛው እኛው ያወጣነው ድምፅ ከግድግዳ፣ ከጣሪያና ከወለል ጋር እየተላተመ ተመልሶ ማይክሮፎኑ ውስጥ የሚገባው ነው፤ የገደል ማሚቶ ታናሽ ወንድም ልንለው እንችላለን። ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ስለሚያይ ገንዘቡን ያባክናል። የውጭውን ጫጫታ የሚያግደው ክብደትና የክፍተት አለመኖር ነው። የውስጡን ማስተጋባት የሚውጠው ደግሞ ለስላሳና ወፍራም ነገር ነው። ስፖንጅ ድምፅን ይውጣል እንጂ አያግድም፤ ብሎኬት ያግዳል እንጂ አይውጥም።

ከውጭው እንጀምር። የጋራ መኖሪያ ቤቶቻችን ግድግዳ ውስጡ ክፍት በሆነ ብሎኬት የተሠራ ነው። የአንድን ግድግዳ ክብደት እጥፍ ብናደርገው የሚያግደው ድምፅ የሚጨምረው በ6 ዴሲቤል ገደማ ብቻ ነው። ጆሯችን «ጫጫታው በግማሽ ቀነሰ» የሚለው ግን ወደ 10 ዴሲቤል ሲወርድለት ነው። ስለዚህ በደመወዛችን ግድግዳ ላይ ግድግዳ እንገንባ ማለት ዘበት ይሆናል። ክፍተትን መድፈን ግን ርካሽ ነው፤ ጥቅሙም ከሚገመተው በላይ ነው። ከግድግዳው ስፋት ከመቶ አንዱ እጅ ብቻ ክፍት ቢሆን፣ የቀረው የቱንም ያህል ወፍራም ቢሆን ግድግዳው በጠቅላላው ከ20 ዴሲቤል በላይ ሊያግድ አይችልም። ከበሩ ሥር ያለችው ቀዳዳ ምን ያህል ጌታ እንደ ሆነች ከዚህ ተረዱ። ከበሩ ሥር የተጠቀለለ ጨርቅ አስገቡ፤ የመስኮቱን ጠርዝ በጎማ ማሸጊያ ዙሩበት። ዳሩ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ከሰል በሚነድበት ቤት ውስጥ ክፍተት አይደፈንም። የከሰል ጭስ ሽታ የሌለው ገዳይ አለበትና፣ መጀመሪያ ምድጃው ይውጣ፣ ቤቱም ይናፈስ።

ከጨርቅና ከጎማ ሌላ ምንም ገንዘብ የማይጠይቅ መከላከያ አለ፤ እሱም ሰዓት ነው። አንድ ደብተር ይዛችሁ ለሦስት ቀን የሰፈራችሁን ድምፅ መዝግቡ። ንጋት ላይ የቤተ ክርስቲያኑና የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ፣ ከዚያ የታክሲ ረዳቶች ጥሪ፣ ከሰዓት በኋላ የልጆች ኳስ፣ ማታ የየቤቱ ቴሌቪዥን ይመጣል። በኮረብታው በኩል የሚኖር ሰው የውሻና የጅብ ክርክር ሌሊቱን ሙሉ ሊሰማ ይችላል። የመጨረሻው ፎቅ ነዋሪ ደግሞ በክረምት ከቆርቆሮው ዝናብ ጋር መፎካከር የለበትም። ከሦስት ቀን በኋላ በደብተራችሁ ላይ አንድ ሁለት ጸጥ ያሉ ሰዓቶች ታገኛላችሁ። በእኔ በኩል ያገኘሁት ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ያለው ጊዜ ነው፤ የእናንተው ሌላ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ውስጥ እንግባ። በክፍሉ መካከል ቆማችሁ አንድ ጊዜ አጨብጭቡ። ከጭብጨባው በኋላ እንደ ሽቦ የሚንጫረር ድምፅ ከተከተለ፣ ፊት ለፊት የሚተያዩት ባዶ ግድግዳዎች ድምፁን እንደ ኳስ እየተቀባበሉት ነው ማለት ነው። ይህን ለመዋጥ ውፍረት ያስፈልጋል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ስለሆነም በሴኮንድ 100 ጊዜ የሚርገበገብ የወፍራም ድምፅ ማዕበል ርዝመቱ ከ3 ሜትር በላይ ነው። ሁለት ጣት የማይሞላ ስፖንጅ ለዚህ ማዕበል ምኑም አይደለም፤ የሚነካው ቀጭኑን ድምፅ ብቻ ነው። ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው የእንቁላል ካርቶንማ ከዚያም ያነሰ ነው፤ ጥቂት ቀጭን ድምፅ ይበትናል እንጂ የጎረቤትን ጫጫታ አያስቀርም።

በየቤታችን ያለውን ብናስተውል ግን ባለጠጎች ነን። የጥጥ ፍራሽ ግድግዳ ተደግፎ ሲቆም ድምፅ ይውጣል። ቡሉኮ በሁለት አጥፎ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ፈቀቅ ብሎ በገመድ ላይ ቢሰቀል ከተለጠፈው ይበልጥ ይሠራል፤ ከኋላው የቀረው አየር ያግዘዋልና። ልብስ የሞላበት ቁም ሣጥን ተከፍቶ ከተናጋሪው ኋላ ቢቆም መልካም ነው፤ መጽሐፍ የተደረደረበት መደርደሪያም ድምፁን ይበትናል። ወለሉ ላይ ምንጣፍ ይነጠፍ። ፍራሹንና ቡሉኮውን ከተናጋሪው ኋላና ከግራ ከቀኙ አድርጉ፤ ማይክሮፎኑ የሚያየው በተናጋሪው ትከሻ ላይ ያለውን ግድግዳ ነውና። ይህን ካደረጋችሁ በኋላ ደግማችሁ አጨብጭቡ፤ ልዩነቱን ጆሯችሁ ይመሰክራል።

ሌላም ከዚህ ሁሉ የረከሰ ዘዴ አለ፤ መቅረብ ነው። ማይክሮፎኑ ከአፋችሁ 4 ስንዝር ርቆ የነበረ እንደ ሆነ ወደ 1 ስንዝር ብታቀርቡት፣ በቀጥታ የሚደርሰው ድምፃችሁ በ12 ዴሲቤል ገደማ ይጨምራል፤ የክፍሉ ማስተጋባት ግን ባለበት ይቀራል። አያቴን ስቀዳ ማይክሮፎኑን ጠረጴዛ ማዶ ማስቀመጤ ከሁሉ የከፋው ስሕተቴ ይህ ነበር።

ስለ ስፖንጅ ከተነሣ አይቀር አንድ ከባድ ነገር ልናገር። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በየካቲት 2003 በአሜሪካ ሮድ አይላንድ ግዛት ውስጥ በአንድ የሙዚቃ አዳራሽ ግድግዳው ለድምፅ ሲባል በስፖንጅ ተለብጦ ነበር። ለትርኢት የተለኮሰ ርችት ስፖንጁን አቀጣጠለውና 100 ሰዎች አለቁ። የእኛ ክፍል ደግሞ መውጫ በሩ አንድ ነው፤ መብራት ሲጠፋም ሻማ እንለኩሳለን። ስለዚህ ተራ ስፖንጅና የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ሙሉ አትለጥፉ። ፍራሽም ቡሉኮም ቢሆን ከሻማና ከምድጃ ይራቅ፤ ሥራ ሲያበቃም ይነሣ።

ክፍሉ ከተዘጋጀ በኋላ ወደ ገበያ መውጣት ይቻላል። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን እመርጣለሁ። በመጀመሪያ ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ማዳመጫ ይገዛል፤ ስሕተትን ሳይሰሙ ማረም አይቻልምና። ቀጥሎ ዳይናሚክ የሚባለው ዓይነት ማይክሮፎን ይመጣል። ይህ ዓይነቱ እንደ ኮንደንሰሩ ንቁ አይደለም፤ ለእኛ ግን ጉድለቱ ጥቅም ነው፤ የቀረበለትን አፍ እንጂ የሩቁን ሙቀጫ እምብዛም አይሰማም። ከ1966 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ በየመድረኩ የምናየው ሹር ኤስኤም 58 ከዚህ ወገን ነው። ታዋቂ በመሆኑ ግን አስመስለው የሚሠሩት ብዙዎች ናቸው፤ ዋጋው ከተለመደው እጅግ ዝቅ ያለ እንደ ሆነ ተጠራጠሩ፤ ያገለገለ ዕቃም ስትገዙ ገንዘቡ ከኪሳችሁ ሳይወጣ ቀድታችሁ አዳምጡ።

ሦስተኛው የማይክሮፎኑን ድምፅ ወደ ኮምፒዩተር የሚያስገባው ኦዲዮ ኢንተርፌስ የሚሉት ትንሽ ሳጥን ነው። ለአንድ ሰው ሥራ አንድ ወይም ሁለት መግቢያ ያለው ይበቃል። ኮንደንሰር የሚጠቀም ብቻ ሳጥኑ 48 ቮልት መስጠቱን ያረጋግጥ። ለመቅዳትና ለማረም ኦዳሲቲ የሚባለው ፕሮግራም በነፃ ይገኛል። ስትቀዱ መለኪያውን 24 ቢትና 48 ኪሎኸርዝ ላይ አድርጉ፤ ከፍተኛው ድምፃችሁም ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ ይቁም። ጣሪያ የነካ ድምፅ ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀውን ደግሞ ማንም አይጠግነውም። «ጵ» እና «ፕ» በሚነፉበት ጊዜ ማይክሮፎኑ እንዳይደነግጥ፣ የሴት ስቶኪንግ በሽቦ ቀለበት ላይ ወጥራችሁ ከፊቱ አቁሙ። ላፕቶፑ በባትሪ ይሥራ፤ የመብራት መጥፋት ሥራችሁን አያቋርጠውም፣ ከመስመር የሚመጣው እምታም ብዙውን ጊዜ ይቀራል። ትልልቅ ድምፅ ማጉያዎች መጨረሻ ይምጡ፤ ባይመጡም ግድ የለም። ይህ ሁሉ ከአቅም በላይ የሆነበትም ተስፋ አይቁረጥ፤ በቡሉኮው መካከል ከአፍ አንድ ስንዝር ርቆ የተቀመጠ ተራ ስልክ፣ በባዶ ክፍል ውስጥ ከቆመው ውድ ማይክሮፎን ይሻላል።

አሁን ደግሞ ከግድግዳው ማዶ ስላለው ሰው እናስብ። እኛ የጎረቤት ሙቀጫ እንደሚያስቸግረን ሁሉ የእኛም ዘፈን ጎረቤትን ያስቸግራል። በታችኛው ፎቅ አንዲት እናት ሕፃን ታስተኛ ይሆናል፤ በላይኛው የሌሊት ጥበቃ ሠራተኛ ቀን ይተኛ ይሆናል። በአገራችን የአካባቢ ጥበቃ መመሪያ ለመኖሪያ ሰፈር የተወሰነው የድምፅ ልክ በቀን 55፣ በሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ንባብና ለስለስ ያለ ክራር በሩ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ማንንም አይጎዳም። ከበሮን ግን በጋራ ሕንፃ ውስጥ ማገድ አይቻልም፤ ምቱ በአየር ብቻ ሳይሆን በኮንክሪቱ በራሱ ይጓዛልና። ለእሱ የትምህርት ቤት አዳራሽ ወይም ሜዳ ይፈለግ። ከሁሉ አስቀድሞ ጎረቤትን ቡና ጠርቶ «ቅዳሜ በዚህ ሰዓት እቀዳለሁ፤ ከከበዳችሁ ንገሩኝ» ማለት ከማንኛውም ስፖንጅ ይበልጣል። እኔ ይህን ካደረግሁ ወዲህ ባለ ሙቀጫዋ እትዬ ራሳቸው «ዛሬ ትቀዳለህ ወይ?» ብለው ይጠይቁኛል፤ ቡናቸውንም አስቀድመው ይወቅጣሉ።

«በዚህ ዓይነት መሣሪያ የተቀዳ ነገር ማን ያዳምጠዋል?» የሚል ቢኖር እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ላስታውሰው። እኒህ ፒያኖ ደርዳሪ መነኩሲት በአውሮፓውያኑ 1970ዎቹ መጨረሻና 1980ዎቹ መጀመሪያ፣ አዲስ አበባ በቤተሰባቸው ቤት ተቀምጠው ዜማቸውን በተራ የካሴት መቅጃ ቀዱ። ከመስኮቱ ውጭ የሚዘምሩ ወፎች ሳይቀሩ በካሴቱ ውስጥ ገብተዋል። እማሆይ በ2023 በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ላይ ዐረፉ፤ እነዚያ የቤት ቅጂዎች በ2024 «ሱቬኒርስ» ተብለው በአልበም ወጡና ዓለም አዳመጣቸው። የወፎቹን ድምፅ ማንም አልጠላውም። አድማጭ የሚሻው የሰውየውን ድምፅ ቀረብ ብሎ ለመስማት ነው፤ ድምፁ ከቀረበለት ወፏን ይታገሣታል።

ስለዚህ አንባቢዎቼ ሆይ፣ ዕቃ ዛሬ ባይገዛ ነገ ይገዛል፤ ዋጋውም ይወጣል ይወርዳል። በቤታችሁ ያለው አዛውንት ድምፅ ግን ቀን አይጠብቅም። በሚመጣው ቅዳሜ ቡሉኮውን ስቀሉ፣ በሩን ዝጉ፣ ባላችሁ ስልክ ጀምሩ። አያታችሁንም አንድ ስንዝር ቀረብ ብለው እንዲቀመጡ ለምኗቸው።