የተፈተነ ቀመርና አዲስ ፈጠራ በኦንላይን የሚና ጨዋታ ንድፍ፦ ከደምበል ዙሪያ የተነሣ ክርክር

ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ በሚዘልቀው የአፍሪካ ጎዳና፣ በደምበል ሕንፃ ዙሪያና ከዚያም አልፎ እስከ ካዛንቺስ ባሉት ሰፈሮች፣ የጌም ቤት ሥርዓት ለማንም እንግዳ አይደለም። ክፍያው በጨዋታ ወይም በሰዓት ይሰላል፤ ተሸናፊ ይነሣል፤ ወረፋ የያዘው ይቀመጣል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ አዲስ ጌም መሞከር ዋጋ ያስከፍላል። የማይታወቅ ጨዋታን ሕግ ለመልመድ የሚጠፋው ግማሽ ሰዓት ከኪስ የሚወጣ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ወጣቱ ዓመት በመጣ ቁጥር ያንኑ የእግር ኳስ ጌም መምረጡ የምናብ ድህነት ሳይሆን የሒሳብ ጉዳይ ነው። ስለ ጌም ንድፍ የሚጽፉ ሰዎች ፈጠራን ሲያወድሱ ይህን ሒሳብ ብዙ ጊዜ ይዘነጉታል።

ኦንላይን የሚና ጨዋታ በሚባለው ዘርፍ፣ ማለትም እጅግ ብዙ ተጫዋቾች ገጸ ባሕርይ ለብሰው በአንድ ምናባዊ ዓለም አብረው በሚኖሩበት የጨዋታ ዓይነት፣ ይኸው ሒሳብ በእጅጉ ይገዝፋል። እዚህ ተጫዋቹ የሚያፈሰው ግማሽ ሰዓት ሳይሆን ወራትና ዓመታት ነው። በሌላው ወገን ደግሞ ሠሪው ጨዋታውን ሸጦ አይገላገልም፤ ሰርቨሩን ማቆየት፣ ዓለሙን ማደስ፣ ጠቡን መዳኘት የዘወትር ሥራው ይሆናል። የተፈተነውን ቀመር ይዞ መጓዝ ይሻላል ወይስ አዲስ መንገድ መክፈት የሚለው ጥያቄ፣ ለመሳሳት ከአንድ ዕድል በላይ ለሌለው የአዲስ አበባ ስቱዲዮ የመኖርና ያለመኖር ጥያቄ ነው።

ቀመሩ የታወቀ ነው። ተጫዋቹ ጭራቅ ይገድላል፣ ልምድ ያካብታል፣ ደረጃ ይወጣል፣ የተሻለ መሣሪያ ያገኛል፣ በዚያም የበለጠ ጭራቅ ይገድላል። ቡድን ሲሠራ አንዱ ምት ይመክታል፣ ሌላው ያክማል፣ የቀሩት ያጠቃሉ። ይህ አካሄድ የትላልቅ ኩባንያዎች ፈጠራ መስሎ ይታይ እንጂ ሥሩ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው። ሮይ ትረብሾና ሪቻርድ ባርትል እ.ኤ.አ. በ1978 በእንግሊዝ አገር በኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ በጽሑፍ ብቻ የሚካሄደውን የመጀመሪያውን የጋራ ዓለም ሠሩ። በ1990ዎቹ መባቻ የኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዲኩመድ የተባለውን ሠርተው ለፈለገው ሁሉ ለቀቁት። የ1999ኙ ኤቨርክዌስት ብዙ ነገሩን የወረሰው ከዚያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2004 የወጣው ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ደግሞ ከኤቨርክዌስት ወርሶ፣ የጎረበጠውን አለስልሶ፣ በ2010 ከ12 ሚሊዮን በላይ ከፋይ ደንበኞች ላይ ደረሰ። ዛሬ “ቀመር” የሚባለው ነገር ትናንት የተማሪዎች ሙከራ ነበር ማለት ነው፤ ይህን የምረቃ ሥራ የሚያዘጋጅ ተማሪ ቢያስታውሰው አይከፋም።

ቀመር ለምን እንደሚጸና የሚያሳዩ ሁለት ታሪኮች አሉ። ስታር ዋርስ ጋላክሲስ በ2003 ሲከፈት ከ30 በላይ ሙያዎች ነበሩት፤ ተጫዋቹ ወታደር ብቻ ሳይሆን ዘፋኝ፣ ልብስ ሰፊ ወይም ሐኪም ሆኖ መኖር ይችል ነበር። በኅዳር 2005 ኩባንያው ይህን ሁሉ ወደ 9 ሙያዎች ጨፍልቆ የውጊያውንም ሥርዓት ለወጠ። ዓመታት የደከሙበት ሙያ በአንድ ጀምበር የጠፋባቸው ተጫዋቾች ጨዋታውን ጥለው ሄዱ፤ ጨዋታው በ2011 መጨረሻ ተዘጋ። ራንስኬፕም በ2012 የውጊያ ሥርዓቱን ከለወጠ በኋላ የተጫዋቾቹ ቅሬታ ስለበረታ፣ ኩባንያው በ2013 ድምፅ አሰጥቶ የ2007ቱን ቅጂ እንደገና ለመክፈት ተገደደ። አሮጌው ቅጂ እስከ ዛሬ ሕያው ነው። በሁለቱም ታሪኮች የተጣሰው የንድፍ ጣዕም ሳይሆን ውል ነው፤ ሰው ለፍቶ ያፈራውን ንብረት ሳይጠየቅ ተነጠቀ። እነዚህን ታሪኮች “ሕዝቡ ለውጥ አይወድም” ብሎ መተርጎም ግን ስሕተት ነው። በጋላክሲስ የጠፋው ፈጠራው ራሱ ነበር፤ የመጣው ደግሞ በወቅቱ ተወዳጅ ወደነበረው ቀላል ቀመር የሚጠጋ ነገር ነበር።

ቅጂም አያድንም። ዋርሃመር ኦንላይን በ2008 ተከፍቶ በ2013 ተዘጋ፤ ዋይልድስታር በ2014 ተከፍቶ በ2018 ተዘጋ። ሁለቱም ገንዘብም ባለሙያም አልጎደላቸውም፤ ነገር ግን የዋርክራፍትን ዓይነት ዓለም የሚፈልግ ተጫዋች ዋርክራፍት፣ ከነጓደኞቹና ከነትዝታው፣ አስቀድሞ ነበረው። ከቀመር ተጠቅሞ የዳነው በሌላ መንገድ የሄደው ነው። ፋይናል ፋንታሲ 14 በ2010 ወጥቶ ክፉኛ ከወደቀ በኋላ፣ ሥራውን የተረከበው ናኦኪ ዮሺዳ ከባልደረቦቹ ጋር የተሳካላቸውን ጨዋታዎች አጥንቶ በ2013 እንደ አዲስ ከፈተው። መሠረቱን ከሌሎች ወሰደ፤ ተጫዋቹን ያቆየው ግን የራሱ ታሪክ ነው።

አዲስነትም ሁልጊዜ አይታይም። የ1997ቱ አልቲማ ኦንላይን ሠሪዎች በዓለማቸው ውስጥ የእንስሳት የተፈጥሮ ሚዛን ዘርግተው ነበር፦ ተኩላው በግ ሲጎድልበት ወደ መንደር ይወርዳል፣ ተጫዋቹም ያን ጊዜ መንደሩን ይከላከላል የሚል ሐሳብ ነው። ተጫዋቾች ግን ገብተው ተኩላውንም በጉንም፣ ያገኙትን ሁሉ ገደሉት። ያ ሁሉ ድካም ማንም ሳያየው ከጨዋታው ወጣ።

ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው ቅኔ ጌምስ ነው። በዳዊት አብርሃም የተመሠረተው ይህ ስቱዲዮ ስሙን ያስጠራው በኩኩሉ ነው፤ ከገበሬ እጅ አምልጣ የምትሮጥ ዶሮ ታሪክ። ማለቂያ የሌለው ሩጫ ግን እንደ ቴምፕል ራንና ሰብዌይ ሰርፈርስ ባሉ የስልክ ጨዋታዎች አስቀድሞ የተፈተነ ቀመር ነበር። ስቱዲዮው ቀመሩን ከውጭ፣ ዶሮዋን ከአገር ወሰደ። ቀጥሎ የመጣው ገበጣ ደግሞ ተቃራኒውን አደረገ፤ የአጨዋወት ሕጉን ራሱን ከአገር ወስዶ ወደ ስልክ አመጣው። ከሁለቱ ንድፎች የበለጠ ደፋሩ፣ አሮጌ መስሎ የሚታየው ሁለተኛው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በኩኩሉ ዶሮዋን በሌላ ገጸ ባሕርይ ቢተኳት ጨዋታው አይለወጥም፤ ከገበጣ ግን ሕጉን ቢያወጡ የሚቀር ነገር የለም። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ጥናት በርካታ የገበጣ አጨዋወቶችን መዝግቧል፤ አንድም የጌም ንድፍ ተማሪ ገልጦ ቢያየው ለዓመታት የሚበቃ ቁሳቁስ ያገኛል።

የስቱዲዮው ስም ራሱ ለዚህ ክርክር መልስ ይጠቁማል። በቅኔ ቤት ልኩ የተቆረጠ ነው፦ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፣ መወድስ ስምንት ቤት ነው፤ ዜማውና ምጣኔው ለተማሪው ምርጫ አይተውም። ነገር ግን ትናንት የተባለውን ቅኔ ዛሬ ደግሞ ማቅረብ ነውር ነው። ተማሪው ልኩን ስለ ጠበቀ አይመሰገንም፤ መጠበቁ ግዴታው ነው፤ የሚመሰገነው በዚያ ልክ ውስጥ ያልተሰማ ምስጢር ሲያመጣ ነው። ልኩን የጣሰ ደግሞ፣ ምስጢሩ ምንም ያህል ቢረቅ፣ መምህሩ ይመልሰዋል።

ታዲያ በኦንላይን የሚና ጨዋታ ልክ ሆኖ መቅረት ያለበት የትኛው ነው፣ አዲስ መሆን ያለበትስ የትኛው? ደረጃ መውጣትን፣ የዕቃ ቋትን፣ የካርታ አነባበብን መለወጥ ጥቅሙ ትንሽ፣ ጉዳቱ ብዙ ነው፤ የሰዓት ሒሳብ የሚያስጨንቀውን ተጫዋች ያባርራል። ጦር፣ ጋሻና ጎጆ ቤት በተለመደው ዓለም ላይ መለጠፍም ፈጠራ አይደለም፤ ልብስ መቀየር ነው። ፈጠራው መግባት ያለበት ሰው ከሰው ጋር በሚተሳሰርበት ቦታ ነው፤ በዚህ ረገድ ቀመሩ እስካሁን ደካማ ነው፣ አገሩ ደግሞ ሀብታም ነው።

ሞትን እንደ ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። በተለመደው ቀመር ገጸ ባሕርይ ሲሞት ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይነሣል፤ ማንም አይቆምለትም፤ የጓደኞቹ ቡድንም ቢበዛ “ቶሎ ና” ይለዋል። በካዛንቺስም ሆነ በቂርቆስ አንድ ሰው ሲሞት ግን ዕድር አለ፦ መዋጮ፣ ድንኳን፣ ወንበር፣ ቀብር ላይ መገኘት፣ ለቀረ ቅጣት። የተጫዋቾች ማኅበር በዕድር ደንብ ቢዋቀር፣ የአንዱ ሞት የሌሎቹን ግዴታ ቢቀሰቅስ፣ የሟቹ ደረጃና ንብረት በአባላቱ መገኘት ልክ ቢመለስለት፣ ሞት በጨዋታው ውስጥ ትርጉም ያገኛል። ይህ ሐሳብ ቀመሩን አያፈርስም፤ ጭራቁም ደረጃውም በቦታው ነው። “ተጫዋች ለመዝናናት እንጂ ግዴታ ለመሸከም አይገባም” የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ተቃውሞው ከባድ ነው። ሆኖም በ2003 የተከፈተው የአይስላንዱ ኢቭ ኦንላይን ከ20 ዓመት በላይ የዘለቀው በአብዛኛው ተጫዋቾች እርስ በርስ በገቡት ግዴታ፣ በመተማመንና በመካካድ ነው። አይስላንድ ከአዲስ አበባ ክፍለ ከተሞች የአንዱን ያህል ሕዝብ ያላት አገር ናት፤ ሠሪው ኩባንያም መነሻ ገንዘብ ያገኘው ለአይስላንድ ቤተሰቦች የገበታ ጨዋታ ሠርቶ በመሸጥ ነበር። ከገበጣ ለተነሣ ስቱዲዮ ይህ ባዕድ ታሪክ አይደለም።

ሌላው የፈጠራ ግድ የሚመጣው ከኔትወርክ ነው። የተለመደው የውጊያ ቀመር የማይቆራረጥ መስመርና የማይጠፋ መብራት ይገምታል፤ በየዕለቱ ለገባ ሽልማት፣ ለቀረ ቅጣት የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ክረምት ኢንተርኔት በአገሪቱ ለሳምንታት ሲቋረጥ፣ እንዲህ ባለ ጨዋታ ውስጥ የነበረ ተጫዋች ያለ ጥፋቱ ወደ ኋላ ቀረ። ራንስኬፕ ዓለሙን የሚያንቀሳቅሰው በየ0.6 ሴኮንዱ አንዴ በመሆኑ ዘገምተኛ መስመርን ይታገሣል፤ ከእርሱ መማር ይቻላል። ከቤት ደግሞ የጥንቱ ሰንጠረዥ አለ። ሰንጠረዥ ሲጀመር ወረራ የሚባል ምዕራፍ ነበረው፦ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ፣ ጠጠራቸውን እንደ ፈለጉ ያንቀሳቅሳሉ፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ። ከዚያ በኋላ ተራ ይጀመራል። ዝግጅቱ በነፃነት፣ ግጥሚያው በተራ የሆነ ውጊያ፣ መስመር ለሚቆራረጥበት ተጫዋች ከፈጣን ጣት ፉክክር ይልቅ ፍትሐዊ ነው፤ ለውጭ ተጫዋችም አዲስ ነው። አዲስነቱ ደግሞ ከምናብ ብቻ የመነጨ ሳይሆን ትውልዶች የፈተኑት ነው።

እንዲህ ያለውን ሐሳብ ለመሞከር ሰፊ ዓለም መገንባት አያስፈልግም። አንድ የምረቃ ሥራ ከአንድ መንደር፣ ከአንድ ዓይነት ጭራቅ፣ የዕድርን ደንብ ከሚያስፈጽም አንድ ሰርቨርና ከሃያ ተጫዋቾች ሊጀምር ይችላል። ከመንደሩ ግማሽ መደበኛው ሞት፣ በሌላው ግማሽ የዕድሩ ሞት ይሥራ። ከአንድ ወር በኋላ መቆጠር ያለበት ስንት ጭራቅ ተገደለ የሚለው አይደለም፤ አንዱ ሲሞት፣ ካርድ ገዝቶ ወይም ዋይፋይ ፈልጎ፣ ለቀብር የገባው ስንቱ ነው የሚለው ነው።