የነቢዩ ስምና የልጄ ጥያቄ



የማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 27 ቁጥር 9 ስለ 30ው ብር የተነገረውን ቃል የኤርምያስ ነው ይላል። ልጄ ግን ቃሉን በዘካርያስ ምዕራፍ 11 አገኘውና «ይህ ከተሳሳተ ሌላውን ስለምን አምናለሁ?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም ደንግጬ «የማተሚያ ቤት ስሕተት ነው» አልሁት። ዋሸሁት።

ስለዚህ ቁጥር ሊቃውንት ከጥንት ጀምሮ ሲከራከሩበት ኖረዋል፤ የተሸሸገ ነገር የለም። ደግሞስ በመሥሪያ ቤታችን የደብዳቤ ቁጥር ቢሳሳት ቁጥሩ ይታረማል እንጂ ትእዛዙ ይሻራልን? ለገንዘብ ሲል ወዳጁን አሳልፎ የሰጠ ሰው የይሁዳን ጸጸት ሲያነብ የሚደነግጠው የነቢዩን ስም አጣርቶ አይደለም።

እንደ እኔ አስተያየት፥ የልጄን እምነት የሚጎዳው የስሙ ነገር ሳይሆን የእኔ መሸፋፈን ነው። ዛሬ ማታ እውነቱን እነግረዋለሁ።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ