ለሃይጌት ዳገት ጠበብ ያለ ጎማ
በለንደን ከአርችዌይ ወደ ሃይጌት የሚወጣው አቀበት በ1884 እ.ኤ.አ. በአውሮፓ የመጀመሪያው በገመድ የሚጎተት ትራም የተዘረጋበት ዳገት ነው። የኋላ ጎማው የሚገፋ የስፖርት መኪና የያዙ ወንድሞቻችን በለንደን ብርድ ያንኑ ሰፊ የበጋ ጎማ እንዳሰሩ ሲወጡት ሳይ እሰጋለሁ። ጎማ በሰፋ ቁጥር ይበልጥ ይይዛል የሚለው እምነት ለደረቅ አስፋልት ነው፤ በረዶ ላይ ሰፊው ይንሳፈፋል፣ ጠባቡ ግን ሰርስሮ መሬት ይነካል። 225/45/17 ያሰረ ሰው ቸርኬውን ወደ 16 ዝቅ አድርጎ 205/55/16 የክረምት ጎማ ቢያስገባ የጎማው ቁመት በ3 ሚሊሜትር እንኳ አይለወጥም፤ ቸርኬው የፍሬኑን ካሊፐር እንዳይነካ ግን አስቀድሞ ይለካ። ደግሞም አራቱም ይቀየሩ! የኋላውን ሁለት ብቻ የቀየረ ሰው ዳገቱን ይወጣል፤ ሲወርድ ግን የፊቱ ጎማ ለመሪም ለፍሬንም አይታዘዝለትም። «ለንደን ላይ በረዶ ስንት ቀን ይጥላል?» ይሉኛል። በረዶ ባይጥልም የበጋ ጎማ ላስቲክ ከ7 ዲግሪ በታች እየደረቀ መያዣው ይቀንሳል። የአገሩ ሕግ የክረምት ጎማ አያስገድድም፣ 1.6 ሚሊሜትር ጥርስ ይበቃዋል። ለእኔ አይበቃኝም፤ በዚያ ቁልቁለት ወደ ዊቲንግተን ሆስፒታል በእግራቸው የሚሻገሩ ሕሙማን አሉ።