«የወተት ጥርስ ነው፣ ይወድቃል» አንበል

ታናሽ ወንድም ወይም እህት ያላችሁ፣ እስቲ የስልካችሁን መብራት አብሩና አፋቸውን እዩልኝ። የኋላ ጥርሳቸውን ግጥም አድርገው ይንከሱ፤ እናንተ ጉንጫቸውን ገለጥ አድርጉ። የላይኞቹ ጥርሶች የታችኞቹን ከውጭ በኩል እንደ ሙዳይ ክዳን መሸፈን አለባቸው። ወደ ውስጥ ገብተው ካገኛችኋቸው ግን ሐኪም ይያቸው። ባለሙያዎቹ «ክሮስባይት» ይሉታል።

የብዙ ቤት መልስ ይታወቃል፦ «የወተት ጥርስ አይደል፣ ይወድቃል።» እውነት ነው፣ ጥርሱ ይወድቃል። ችግሩ ግን ብዙ ጊዜ ያለው ጥርሱን የተሸከመው አጥንት ላይ ነው። ላንቃው ሲጠብ ልጁ ጥርሱ እንዲገጥምለት አገጩን ወደ አንድ ጎን ማንሸራተት ይለምዳል። እያደገ ሲሄድ ፊቱም ወደዚያው ሊያጋድል ይችላል።

ደግነቱ የልጅ ላንቃ ግራና ቀኝ የሚገናኙበት መስመር ገና አልጠነከረም። ሐኪሙ የኋላ ጥርሶች ላይ የሚታሰር፣ መሃሉ ብሎን ያለው መሣሪያ ይገጥማል። ወላጅ በታዘዘው መሠረት በትንሽ ቁልፍ ያዞረዋል፤ በአንድ ጊዜ ሩብ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ። መግፋቱ በሳምንታት ያልቃል፤ መሣሪያው ግን ክፍተቱን አዲስ አጥንት እስኪሞላው ለወራት ይቆያል። በመሃሉ የፊት ጥርስ ላይ ፍንጭት ብቅ ቢል አትደንግጡ። ፍንጭት ለምንወደው ለእኛ ባያስደስትም፣ አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ይገጥማል።

ዘዴው የትናንት ፈጠራ አይደለም። አሜሪካዊው የጥርስ ሐኪም ኤመርሰን አንጀል እ.ኤ.አ. በ1860 ጽፎበታል። የአሜሪካ ኦርቶዶንቲስቶች ማኅበርም ልጆች እስከ 7 ዓመታቸው አንድ ጊዜ እንዲታዩ ይመክራል። ምክንያቱም ጉርምስና ካለፈ አጥንቱ ይገጥማል፤ ያኔ ያው ሥራ ቀዶ ሕክምና ሊጠይቅ ይችላል።

ይህ ሲባል ጥርሱ የተዛባ ሁሉ ላንቃው ይስፋ ማለት አይደለም። ያዘነበለው አንድ ጥርስ ብቻ ከሆነ መፍትሔው ሌላ ነው፤ የሚወስነውም ሐኪም ነው። ምላስን ላንቃ ላይ መለጠፍ መንጋጋ ያስተካክላል የሚለው የቲክቶክ ምክርም ይህን ሕክምና አይተካም።

ወጪው ለብዙ ቤተሰብ ከባድ መሆኑን አልክድም። ለዚህም ነው ትምህርት ቤቶች የተማሪን ዓይን ሲያስመረምሩ ንክሻውንም ያሳዩ የምለው። ማየት ደቂቃ አይፈጅም፤ በጊዜ ያወቀ ቤተሰብ ደግሞ ለመቆጠብም ለመወሰንም ጊዜ ያገኛል።